የወንድሜን ፊት ጣውላ ላይ ሳሳርፍ

ጋሽ ከድር ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን ያደረሰኝ ታላቅ ወንድሜ አድማሱ ነው፤ በባጃጁ። ከኋላ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ጭኖ ስለነበር እኔን ከጎኑ በግማሽ መቀመጫ አስቀመጠኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የዋልኩበት ጊዜ ነው። በሩ ላይ ሲያወርደኝ ሴቶቹ እየሰሙ «ፀጉርህን አበጥር፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ያስደነግጣል» አለኝ። ሳቁብኝ። አፍሬ ሳልሰናበተው ገባሁ።

ጋሽ ከድር ከወልቂጤ በኩል የመጡ፣ ቦንጋ የቆዩ ነጋዴ ናቸው። ፎቶ ያነሳሉ፣ ያትማሉ፣ ክፈፍ ይሸጣሉ። ከሁሉ የሚታወቁት ግን በጣውላ ማስታወሻ ነው። ሙሽሮችም፣ ተመራቂዎችም፣ ሐዘንተኞችም ያሠሩታል። የሰውየው ምስል ከወረቀት ወደ ጣውላ ይተላለፋል። ዙሪያው በስቱኮ ይሻክራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ጨሌ ይደረደርበታል። ሰው በዓይኑ ማየት አይበቃውም፤ በጣቱ ይዳስሰዋል።

በዚያን ቀን የተሰጠኝ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጀማሪ ጣውላ ይልጋል። ቀጥሎ ስቱኮ ይቀባል። እሱን የቻለ ማኅተም ይመታል። ጨሌው የሐያት ነው፤ ሐያት የጋሽ ከድር ልጅ ናት። ምስል ማሳለፍን ግን ጋሽ ከድር ለማንም አይሰጡም ነበር።

ስቱኮው ሳይደርቅ የእንሰት ቃጫ ይለጠፍበትና ይነሳል። ሲነሳ መስመሩ ይቀራል፣ እንደ እንጨት ቅርፊት። ማኅተሞቹን የምንቀርጻቸው ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ነው። ቅጠል፣ ወፍ፣ መስቀል፣ ጨረቃ፣ ደንበኛው የሚፈልገውን። ሶሉ ለምላጭ ይመቻል፣ ቀለምም ይይዛል። ጨሌው መጨረሻ ላይ በኮላ ይያዛል። ሐያት በመርፌ ጫፍ እያነሳች ነው የምትደረድረው። ስትሠራ አታወራም፤ ስትጨርስ ግን ማን ያስቆማታል።

በኋላ ጋሽ ከድር ምስል ማሳለፉንም አሳዩኝ። ፎቶው በሌዘር ማተሚያ ይታተማል፤ በፈሳሽ ቀለም ማተሚያ ከታተመ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ጣውላው ላይ ኮላ ይቀባል፣ ወረቀቱ በፊቱ ይደፋበታል፣ አየሩ በማስመሪያ ተገፍቶ ይወጣል። አድሮ ሲደርቅ በስፖንጅ ይረጥባል። ከዚያ በጣት ጫፍ ይታሻል። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ይነሳል፣ ቀለሙ ኮላው ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ላይ በኃይል አሽቼ የአንድ ሙሽራ አፍንጫ ወሰድኩ። ጋሽ ከድር አዩና «አንተ ልጅ፣ የምታነሳው ወረቀቱን ነው፣ ሰውየውን አይደለም» አሉኝ።

ሌላም አለ። ወረቀቱ በፊቱ ስለሚደፋ ምስሉ ግራና ቀኙን ይቀይራል። ስለዚህ ሲታተም አስቀድሞ መገልበጥ አለበት። ሱቃችን ውስጥ «ሚረር» እንለዋለን። አንዴ ረሳሁት። ከሺሺንዳ የመጣች ተመራቂ ነበረች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሪባን ጽሑፍ ተገልብጦ ወጣ። እናቷ ጣውላውን አየት አድርገው፦

«ልጄ በዐረብኛ ነው እንዴ የተመረቀችው?»

«ዐረብኛም እንዲህ አይጻፍም፣ እናቴ» አሉ ጋሽ ከድር። ተስቆ በነፃ ሌላ ተሠራላቸው። ከዚያ ወዲህ ሚረር ረስቼ አላውቅም። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

አድማሱ በክረምት ሞተ። ቁልቁለቱ ላይ ባጃጁ ተገለበጠበት። ስለዚህ ነገር ብዙ መጻፍ አልችልም። ሥራ የተመለስኩ ቀን ጋሽ ከድር የብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ፣ እንደ ጀማሪ። ደግ ሥራ ነበር። መላግ ሐሳብ አይፈልግም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለእማዬ የአድማሱን ማስታወሻ ልሠራላት አሰብኩ። ፎቶው ግን አስቸገረኝ። አድማሱ ሌላውን ሲያመላልስ እንጂ ራሱ ፎቶ ሲነሳ አልኖረም። የመንጃ ፈቃዱ ፎቶ የድሮ ነው፣ ቅንድቡን የሚያቋርጠው ጠባሳ ገና አልወጣበትም። የሚመስለው አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን አንስቶ የላከልኝ ነው። ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ እሱን ሳይ ነው የከረምኩት።

ለማተም ስዘጋጅ ሐያት ከጀርባዬ መጥታ አየችው።

«ይሄ ሴልፊ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አንዳንድ ስልክ እኮ ሴልፊን ራሱ ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። የሱ ምን ዓይነት ነበር?»

የሱ ስልክ ከባጃጁ ጋር ደቅቋል። መገልበጡን የሚያሳውቀኝ ጽሑፍ ፎቶው ላይ ፈለግኩ፣ የለም። የሸሚዝ ቁልፍ ፈለግኩ፣ ሹራብ ነው የለበሰው።

«ታዲያ ጠባሳው በየት በኩል ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም። አንድ አልጋ ላይ አብረን ያደግን ነን። በየት በኩል እንደነበር አላውቅም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የስልኩ ፎቶ ነው።

ሁለቱንም አትሜ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም እሱ ናቸው። ብዙ ሳያቸው ደግሞ ሁለቱም አይደሉም።

ወደ ባጃጅ ተራው ሄድኩና ጓደኞቹን ጠየቅኩ። ተስፋዬ የሚባለው የራሱን ቀኝ ቅንድብ ነክቶ «እዚህ» አለኝ። አጠገቡ ያለው ደግሞ ግራውን ነካ።

«በኔ ቀኝ ነው ያልኩት፣ ፊት ለፊት ቆሜ» አለ ተስፋዬ።

«እና ያንተ ቀኝ የሱ ምኑ ነው?» አለው አጠገቡ ያለው።

«እሱ ወዴት ዞሮ?»

«ወንድምየው ራሱ ያላወቀውን እኛን ምን ታጣላናለህ!» አለኝ ሌላ ባለባጃጅ። ነገሩን ለማቅለል ነበር። እኔ ግን ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ገበያውን ዞሬ ተመለስኩ።

«እናትህን ጠይቃት» አሉ ጋሽ ከድር።

«ምን ብዬ ልጠይቃት? የወንድሜ ፊት ጠፋኝ ልበላት?»

«እኔ ምን አውቄ። ግን ከሷ ሌላ ማን ያውቃል?»

አልጠየቅኳትም። እንደ ደንቡ ሚረር አድርጌ አተምኩ፣ ደፋሁ፣ አሸሁ። ጥሩ ወጣልኝ። አፍንጫው ደህና፣ ጥርሱ ደህና። ዙሪያውን በቃጫ አሻከርኩ፣ የባጃጅ ማኅተም ቀርጬ በአራቱ ማዕዘን መታሁ። ሐያት ቢጫና ጥቁር ጨሌ መረጠችለት። ቫርኒሽ ብቻ ቀረው።

ገበያ ቀን እማዬ ሳትነግረኝ ሱቁ መጣች። ቅቤ ሸጣ ስትመለስ ነው። ጋሽ ከድር ተነስተው መቀመጫ ሰጧት። ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ልሸፍነው ብል አልደረስኩም።

አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለች፣ አውራ ጣቷን በምራቋ አረጠበችና ቅንድቡን ማሸት ጀመረች። ሕፃን ሆነን ፊታችንን እንደምትጠርገው።

«ይሄ ምንድን ነው ፊቱ ላይ የቀረው? ቆሻሻ ነው?»

«እማዬ፣ ተይው፣ ይለቃል!»

ቫርኒሽ ስላልነበረው ለቀቀ። ጣቷ ላይ ቀለም ቀረ።

«ጠባሳው ነው እኮ» አልኳት።

«የማን ጠባሳ?»

«የአድማሱ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ቀርባ ፊት ለፊቴ ቆመችና ያንኑ አውራ ጣቷን ቅንድቤ ላይ አሳረፈች፤ የግራ ቅንድቤ ላይ።

«እዚህ ነው። በር ሲመታው ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እዚህ ነው፣ ልጄ።»

ጣቷን ቶሎ አላነሳችም። ሐያት ጨሌዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ጠፍቶኝ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ከጋሽ ከድር ጋር የቅቤ ወሬ ጀመረች።

ፎቶውን የሱ ስልክ ራሱ ገልብጦት ኖሯል፤ ሁለተኛውን ሚረር ሳላደርግ አተምኩት። ጠባሳው እሷ ያለችው ቦታ ወጣ። ለሙት ዓመቱ ደረሰ። እማዬ ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ በእጇ ዳስሳ፣ ለጎረቤቶቻችን በቋንቋችን በካፊኖኖ «ልጄ ይሄ ነው» አለቻቸው።

ለእኔ ግን አሁንም እንግዳ ሰው ነው። ትክክለኛው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ የለመድኩት ግን የተገለበጠውን ነው። ቤት ስገባ ቀና ብዬ አይቼው ማን ነው እላለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። እስከ መቼ እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም። ጋሽ ከድርም ስጠይቃቸው አያውቁም።

የተበላሸውን ጣውላ ጨሌውን ነቅዬ ላግኩት። ጣውላ አይጣልም። ከቢታ ገነት ለመጡ ሙሽሮች ሠራንበት።

አሁን ምስል የማሳልፈው እኔ ነኝ፣ ሁለት ጀማሪዎችም አሉኝ። ሥራውን እንዲህ ነው የማስተምራቸው። ሐዘንተኛ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ግራና ቀኝ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይምታታበታል። ፊት ለፊቱ ቁሙና «ምልክቱ የት ነበር? እኔ ፊት ላይ በእጅህ አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ በኋላ አትሙ።