ስለ ኮረሪማ የጻፍኩት ሁሉ ቀይ ሆነ

ስልኬ ሲጠራ ቴፒ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ፓስቲ እየበላሁ ነበር። የደወሉት የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ናቸው።

«ነገ ጠዋት ሚዛን ግቢ ድረስ ነይ። ኮሚቴው ይፈልግሻል።»

«ምን ተፈጠረ፣ መምህር?»

«ጽሑፍሽ ኩረጃ በሚለየው ፕሮግራም ሲፈተሽ ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከሞላ ጎደል ሁሉም።»

የያዝኩትን ፓስቲ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ጽሑፉ ስለ ኮረሪማ አደራረቅ ነው። ጌጫ ዙሪያ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቀበሌ፣ ገበሬዎቹን ቤት ለቤት እየዞርኩ በቤታችን ቋንቋ በሸኪኖኖ ጠይቄ፣ የነገሩኝን ራሴ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ የጻፍኩት። ሌላ ተማሪ ያንኑ ቃል በቃል ከየት ያመጣዋል? ግን ማን ያምነኛል? ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ተማሪ በዚሁ ጉዳይ ሲባረር አይቻለሁ። ፍራሹን ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ሲጭን ቀርቦ የተሰናበተው ሰው አልነበረም። እኔም ከሩቅ ቆሜ ነበር ያየሁት።

በማግስቱ ወደ ሚዛን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ግንባሬን የፊት ወንበሩ ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ መኪናው በጭቃው ይንሸራተታል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱን እፈራ ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱ ተቆርጦ ሳንደርስ ብንቀር ብዬ ተመኘሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አሞሻል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ከሁሉ የባሰው ራሴን መጠራጠሬ ነው። ምናልባት የሆነ ቦታ ያነበብኩት ነገር ሳላውቀው እጄ ላይ መጥቶ ይሆን?

ኮሚቴው ሦስት መምህራን ነበሩ። አማካሪዬ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ጽሑፌ ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብቷል።

«ከማን ነው የወሰድሽው?»

«የራሴ ነው» ለማለት ፈልጌ ድምፅ አልወጣልኝም።

ከሦስቱ አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ መምህርት፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ኮረሪማውን ጭስ ላይ ስለሚያደርቁት ሰውዬ የጻፍሽው አለ። የት አገኘሻቸው?»

«ከእኛ ቤት በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ» አልኩ። ከዚያ ቃሉ መጣልኝ። ሰውየው ከምድጃቸው በላይ ስለሰቀሉት ቆጥ፣ ጭሱ ሲበዛ ሽታው እንደሚበላሽ፣ ጭሱ ሲያስለኝ እንደሳቁብኝ ሁሉ ነገርኳቸው። እያወራሁ እንባዬ ይወርድ ነበር።

መምህርቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው «ተመሳሰለ የተባለው ጽሑፍ በማን በኩል ነው የገባው?» አሉ። ሰብሳቢው ነካክተው አዩና ቀና አሉ። ያዩት ወደ አማካሪዬ ነው።

አማካሪዬ ተነስተው ማያውን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በእኔ የተጠቃሚ ስም ነው የገባው» አሉ። «የመጀመሪያ ረቂቋን ስትሰጠኝ ለማየት ብዬ አስገብቼው ነበር። ፕሮግራሙ የሌላ ተማሪ ጽሑፍ ብሎ እንደሚያስቀረው አላሰብኩም።»

የተመሳሰልኩት ከራሴ ጋር ነበር። ሰብሳቢው ረቂቁ ከፕሮግራሙ እንዲወጣና ጽሑፌ እንደገና እንዲፈተሽ አዘዙ። ሁለተኛው ውጤት ንጹሕ ሆነ። አማካሪዬ በረንዳው ላይ ደርሰውብኝ «ይቅር በይኝ፣ በጣም አስደነገጥኩሽ» አሉኝ። «ምንም አይደለም» አልኳቸውና ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

ከመናኸሪያው ለአባቴ ደወልኩ። ስለ ጉዳዩ ምንም አልሰማም ነበር።

«እንዴት ነው ትምህርቱ?» አለኝ።

«አለፈ፣ አባዬ።»

ፈተና ያለፍኩ መስሎት መረቀኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ አዳመጥኩት።