ሳይነሳ የሰነበተው ድንኳን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የእድራችን ዳኛ የቀበሌውን አዳራሽና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በሲባጎ አስረው ሰጡኝ። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ላይ፣ አቀበቱ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ፊት ለፊት ስብሰባና መሠረተ ትምህርት ይካሄድበታል፤ በጓሮ በኩል የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይቀመጥበታል።

«አዳራሹን ሊቀመንበሩ ሲፈቅድ ትከፍታለህ፤ ዕቃ ቤቱን ግን ሰው ሲሞት። ለሞት ፈቃድ አይጠየቅም» አሉኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ሁሉም እኔ ስፈቅድ ነው» አለ። በሁለት ጌታ መሐል መግባቴን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ቁልፍ መያዝ ቀላል የሚመስለው ይዞ ለማያውቅ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድሜ በሩ ላይ መገኘት አለብኝ። ድንኳኑ በሠልስቱ ሲመለስ ካስማውን ቆጥሬ፣ ሸራውን ዳስሼ አስገባለሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያለቅሰው በዚያው ሸራ ሥር ስለነበር እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

ቀይ ሽብር መጣና የእትዬ አስካለን ልጅ ዳንኤልን ከቤቱ ወስደው ገደሉት። ጥጥ እየፈተሉ ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነበር። መርዶው እንደተሰማ ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ ቁልፉን ከወገቤ አስፈታኝ። «ለጸረ ሕዝብ ድንኳን አይተከልም። ማልቀስም ክልክል ነው» አለ።

እሱ እንደወጣ እትዬ አስካለ መጡ። ባዶ ወገቤን አሳየኋቸው።

«ዘውዴ፣ ለሰው ሁሉ ለቅሶ ስሮጥ ኖሬ፣ ለልጄ ድንኳን ልጣ?»

ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ነገሩ በረድ ሲል ቁልፉ ተመለሰልኝ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው ሸማኔ ጋሽ ሰይፉ በእርጅና ሞቱ፤ ድንኳን ተተከለ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ፈርተው አልመጡም። በሠልስቱ፣ ካስማ ልንነቅል ስንል ደረሱና ከሟቹ ባለቤት ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ሙሾ አወረዱ፦

«ጢም ሳታበቅል፣ ሳትሞሸርልን፣
ማን አስቸኮለህ፣ ማን ጨከነብን።»

ጋሽ ሰይፉ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የሚተኛ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ነበሩ። ለማን እንደሚለቀስ ለድንኳኑ ሰው ሁሉ ገባው። ሴቶቹ ሙሾውን ተቀበሉ፤ እኔም አለቀስኩ።

ለቅሷቸው ገና መጀመሩ ነበር፣ ድንኳኑ ደግሞ ሊነሳ ነው። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩና ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከትቼ በፒንሳ ጠምዝዤ ሰበርኩት።

ሊቀመንበሩ መጣ። «ድንኳኑ ለምን አይነሳም?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቁልፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። የጋራ ንብረት ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም።»

ቆሞ ሙሾውን አዳመጠ። «ሽማግሌው ጢም አልነበራቸውም እንዴ?»

እትዬ ብርቄ ቀና አሉ። «እኔ ያገባሁት ጢም ሳያወጣ ነው። ልጅነቱን አልቅሱልኝ ያልኩ እኔ ነኝ። ምን አጠፋን፣ ልጄ?»

ሊቀመንበሩ ጥቂት አያቸውና ወጥቶ ሄደ።

ቁልፍ ሠሪ ፈልግ ተባልኩ፤ ፍለጋውን አላፋጠንኩትም። ድንኳኑ ሰነበተ። እትዬ ብርቄ የባላቸውን ለቅሶ ለጎረቤታቸው ለቀው ራሳቸው አስተዛዛኝ ሆኑ። የሚመጣው ሰው «እግዜር ያጽናሽ» የሚለው ወደ እትዬ አስካለ ዞሮ ነበር።

በመጨረሻ ሸራውን ስናጥፍ አንዱን ጫፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ዘውዴ። አለቀስኩለት» አሉኝ። «ስሙን ግን አልጠራሁትም።»

ከእኔ በኋላ ቁልፍ ለሚይዙ የምለው ይህን ነው፦ ለለቅሶ የመጣን ሰው ሟቹ ማን ነበር ብላችሁ አትመርምሩ። ክፈቱና ድንኳኑን አውጡለት።