ብሳናው ተኝቷል ብዬ ነበር

«ይኸን ብሳና የገደልሽው አንቺ ነሽ።»

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ፣ ሽማግሌው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው እንዲህ አሉኝ። ሳቅሁ። እውነት፣ ሳቅሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የኦ ክፍል ሕፃናት ነው የማስተምረው፤ እኔ ዛፍ ገዳይ?

«አባባ ደግሞ! ተኝቶ ነው እንጂ።»

«ግንቦት ገብቶ? የአገሩ ብሳና ሁሉ ለምልሟል። ይኸ ብቻ ምን ሆኖ ነው የሚተኛ?»

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። ልጆቹ ዛፍ በበጋ ምን፣ በክረምት ምን እንደሚሆን በዓይናቸው ይዩ ብዬ በክፍላችን በር ያለውን ቀጭን ብሳና መረጥሁ። የተከሉት እኚሁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሕፃናቱ ጥላ እንዲያገኙ ብለው ሁለት በጋ በጄሪካን ውኃ እየተሸከሙ አሳደጉት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ረገፈ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ሞተ!» ብላ አለቀሰች። ልጣጩን በጥፍሬ ጫር አድርጌ ውስጡን አሳየኋት፤ አረንጓዴ ነው።

«አየሽ? ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ከፋሲካ በኋላ ይነሣል።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም መጫር አማረው። ምን ልከለክል! ጧት ጧት መዝሙር ሲያልቅ «ሕያው ነው?» እላለሁ፤ ጫር አድርገው «ሕያው ነው!» ይሉኛል። በጥፍር፣ በጠጠር፣ በቆርኪ። እኔም ቀርቤ ሳላይ አጨበጭብላቸው ነበር።

ሽማግሌው እጄን ይዘው ግንዱን አስነኩኝ። በልጆቹ ቁመት ልክ፣ ዙሪያውን፣ ልጣጭ የሚባል የለም። ከዚያ በላይ ጫርሁ፤ ደረቅ። ሌላ ቦታ ጫርሁ፤ ደረቅ። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! አባቴ ዛፍ ማድረቅ ሲፈልግ ዙሪያውን ልጣጩን ገፎ ነው የሚተወው። ስንቴ አይቻለሁ!

«ከቁስሉ በታች ገና እርጥብ ነው» አሉ። «ዛሬ ከተቆረጠ ያቆጠቁጥ ይሆናል።» መጥረቢያ ዘረጉልኝ።

«እርስዎ ይቁረጡት፣ አባባ።»

«እኔ የተከልሁትን?»

ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። ቆረጥሁት። አራት ምት አልፈጀም።

ያች በጥር ያለቀሰችው ልጅ ጠጠር ይዛ ወደ ጉቶው መጣች።

«ቲቸር፣ ሕያው መሆኑን ልየው?»

«አትንኪው!»

ጮኼባት አላውቅም ነበር። ጠጠሩን ጣለችው። መጥረቢያውን ለሽማግሌው መለስሁ፤ ልጆቹን ቀና ብዬ ለማየት አፍሬ ቦርሳዬን አንሥቼ በአጥሩ በር ወጣሁ።