ተራማጁና ኋላቀሩ ስንዴ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የዘር ጣቢያ በቴክኒሺያንነት የገባሁ ዕለት ሚዛን፣ የዝናብ መለኪያና ሁለት ማኅተም ተረከብኩ። ማኅተሞቹ ለጆንያ ናቸው። «ተራማጅ ዘር» የሚለው ከማዕከል ለሚመጣው ምርጥ ዘር፣ «ኋላቀር ዘር» የሚለው ለገበሬው ስንዴ ነው። በዚያ የአብዮት ዘመን ስንዴም ንቃት ይጠየቅ ነበር።

የሙከራው ማሳ ሐርላ ከሚባለው መንደር በላይ ያለው የኦቦ አደም መሬት ነው። ኦቦ አደም ዘራቸውን ከአባታቸው የወረሱ ገበሬ ናቸው። ሁለቱን ስንዴ ጎን ለጎን ዘራን። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ታምራት መመሪያውን አነበበልን፤ የተሸነፈው ዘር ከየጎተራው ተሰብስቦ ይፈጫል።

ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ቆመ። የኦቦ አደም ስንዴ ቶሎ ደራሽ ስለሆነ ፍሬ ይዞ ነበር። ተራማጁ ገና ሲያብብ ደረቀ። መዘንኩና ያየሁትን ጻፍኩ።

«ኋላቀሩ ተራማጁን በለጠ ብዬ ፈርሜ ልላከው?» አለኝ ጓድ ታምራት።

«ሚዛኑ ነው ያለው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ሚዛኑ አልነቃም።»

ፈራሁ፤ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይታሰር ነበር። ቁጥሩን መለወጥ ግን እጄ እምቢ አለ። ማኅተሞቹን አቀያየርኩ። የኦቦ አደም ስንዴ ተራማጅ ሆነ፤ ጓድ ታምራትም ፈረመ። የማዕከሉ ምርጥ ዘር ኋላቀር ተብሎ ወደ ወፍጮ ተጫነ። ኦቦ አደም ግን ከሱ አንድ ጆንያ ለዘር ደበቁ።

በዓመቱ ሙከራው ተደገመ። ዝናቡ እስከ ጥቅምት ወረደ። የኦቦ አደምን ስንዴ ዋግ የሚባለው በሽታ መታው፤ የቀረውም ጋሽቦ መሬት ላይ ተኛ። ተደብቆ የተረፈው የማዕከሉ ዘር እጥፍ ሰጠ። አሁንም ኋላቀሩ በለጠ።

አውድማው ላይ ተቀመጥኩ። ማኅተሙን ብመልሰው የኦቦ አደም ዘር ይፈጫል፤ ባልመልሰው እኔ እፈጫለሁ። ይህንኑ ለኦቦ አደም ነገርኳቸው።

«አቦ፣ ስንዴ ማኅተም ያነባል እንዴ? እሱ የሚያውቀው ዝናብ ነው» አሉ። «ከሁለቱም ለዘር የሚሆነኝን ለይቻለሁ። የቀረውን ቀላቅለህ መዝን።»

ቀላቅዬ መዘንኩ። በየጆንያው ላይ ሁለቱንም ማኅተም መታሁ። ሪፖርቱ ላይ «ምርቱ በኅብረት የተገኘ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ታምራት «ኅብረት» የሚለውን በቀይ አስምሮበት ፈረመ። የተሸነፈ ስለሌለ የተፈጨ ዘር አልነበረም።

ኦቦ አደም በቀጣዩ ክረምት ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው ሁለቱንም ዘሩ። እኔም ጡረታ እስክወጣ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ነገርኩ፤ ዝናቡ በማይታመንበት አገር አንድ ዓይነት ስንዴ ብቻ አይዘራም።