ከአስፋልት በርሜል የሠራሁት ጋራዥ

ናዝሬት በነበረው የመንግሥት ጭነት መኪናዎች ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሰጡኝ መሣሪያ መጥረጊያ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋናው መካኒክ ጋሽ ንጉሤ የተፈታ ካምቢዮ ፊቴ አስቀመጡና፣ «እያንዳንዱን ጥርስ በናፍጣ እጠብ። ዓይንህን ጨፍነህ በእጅህ እስክትለያቸው ድረስ መፍቻ ቺያቤ አትነካም» አሉኝ። ወራት ፈጀብኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ አልቸኮሉም።

ከአጣቢነት ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ መካኒክ ያደግሁት በእሳቸው እጅ ነው።

አንድ ቀን ከመቂ ሽንኩርት የጫነ መኪና ባልስትራው ተሰብሮ ገባ። መኪና ማንሻ ክሪካችን ዘይት ያፈስ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ለኃላፊያችን ደጋግመው ነግረውታል፤ መልሱ ሁልጊዜ «መለዋወጫ እስኪመጣ በእሱ ተብቃቁ» ነበር። ጋሽ ንጉሤ መኪናው ሥር ገብተው ሳለ ክሪኩ ከዳና መኪናው ወረደ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከሆስፒታል ሲወጡ ጡረተኛ ነበሩ።

ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጣሉ። «የዚያኛው ቫልቭ ሊቃጠል ነው» ይሉኛል። ሾፌሩ ግን አልፏል።

አንድ ቀን ከእሳቸው ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ጫልቱ፣ «ግቢያችን ውስጥ ጋራዥ ነገር ብትሠራ፣ እሳቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፣ አንተ ትሠራለህ» አለችኝ። ሐሳቡ የእሷ ነው።

ደመወዜ ከአስቤዛ አያልፍም፤ ሲሚንቶም በፈቃድ ነበር። መንገድ ሠሪዎች የጣሏቸውን የሬንጅ በርሜሎች ለመንኩና ወሰድኩ። በመሮ እሰነጥቃቸዋለሁ፣ መንገድ ላይ አነጥፋቸዋለሁ፤ የማውቃቸው ሾፌሮች በጎማ እየሄዱባቸው ጠፍጣፋ ያደርጓቸዋል። ሚስማር ስለማይገኝ ከተጣሉ መኪናዎች በለቀምኩት ቡሎን ከባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ጋር አሰርኳቸው፤ ቡሎኑን የሚያጠብቀውን ዳዶ ከውስጥ አደረግሁ። የሥራ ጠረጴዛዬ የአሮጌ ጭነት መኪና ካሶኒ ጣውላ ነበር። በሩን ግን ከወፍራም ላሜራ ሠራሁት፤ መሣሪያ ይሰረቃል።

ያስቸገረን መኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ነው። የናዝሬት አፈር እንደ አመድ ነው፤ ስንቆፍር ይናዳል። ጫልቱ አፈሩን በቅርጫት እያወጣች፣ እኔ ከብሎኬት ሠሪዎች የለመንኩትን ስብርባሪ በጎንና በጎን እየደረደርኩ ጨረስነው። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ሞላው። ውኃውን ቀድተን አፉን በድንጋይ ከፍ አደረግነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ይሄ የሚወረስ ትርፍ ቤት አይደለም?»

«አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። ሰው አያድርበትም።»

«በር አለው እኮ።»

«ለመሣሪያው ነው።»

የቀበሌውን መኪና ያለ ክፍያ እንድጠግን ተስማማንና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የተሻለው ነው። ከመንግሥት ሥራ ስወጣ ጋሽ ንጉሤ በር ላይ፣ ከአሮጌ ፊያት በነቀልኩላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሞተር ይነሣል፤ ያዳምጣሉ። «ሦስተኛው ሲሊንደር» ይላሉ፤ እከፍታለሁ። ከአቦምሳና ከመተሐራ ሳይቀር የሚመጡ ሾፌሮች ነበሩን።

ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት በሚታፈስበት ወቅት ሊቀመንበሩ ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር ተመልሶ መጣ።

«የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ጋራዡን ለጥቂት ቀን እንፈልገዋለን።»

«ዕቃዬ ውስጥ ነው» አልኩ።

«ማን ይወስድብሃል? ይቆለፋል እኮ» አለኝና ቁልፉን ተቀበለኝ።

ከገበያና ከአውቶቡስ ተራ የተያዙ ልጆች አስገቡበት። አንዱ የጎረቤታችን የአዴ ሎሚ ልጅ ገመቹ ነበር። አዴ ሎሚ ቲማቲም ቸርቻሪ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። መጥተው በግድግዳው ሥር ተቀመጡ፤ በቆርቆሮው በኩል በኦሮምኛ ያናግሩታል። ጥበቃዎቹ አንዴ ያባርሯቸዋል፣ አንዴ ይተዋቸዋል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ጥበቃዎቹ ሮጠው እኔ ቤት በረንዳ ተጠለሉ። አዴ ሎሚ ከቦታቸው አልተነሡም። ጆንያ ላለብሳቸው ስሄድ እጄን ያዙኝ።

«ያንተ ቤት ነው። አንተ መክፈት ያቅትሃል?»

«ቁልፉ እነሱ ጋ ነው፣ እናቴ።»

ጋሽ ንጉሤ ከጋራዡ ክዳን ሥር ክራንቻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «እሳቸው ስለ በሩ አልጠየቁህም፤ ዳዶው ከውስጥ ነው» አሉኝ።

በዝናቡ ጩኸት መሐል ለአዴ ሎሚ ነገርኳቸው። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ቆርቆሮ የታሰረው በዳዶ ነው፤ ቺያቤው ከዚያው በላይ ተሰቅሏል። እሳቸው አፋቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ለልጃቸው ነገሩት። ሲፈታ ምንም አልሰማሁም፤ በረዶው ሁሉንም ሸፈነው።

ልጆቹ በጀርባ በኩል፣ በቁልቋሉ አጥር መሐል እያለፉ ወጡ። የታችኛው ዳዶ ዝጎ እምቢ ስላለ ቆርቆሮው መልሶ ይከደን ነበር። ገመቹ በትከሻው ደግፎ ይዞ ሌሎቹን አሳለፈ። ዝናቡ እንደ ጀመረው ባንድ ጊዜ አቆመ። ጥበቃዎቹ ተመለሱ። ጋራዡ ውስጥ የቀረው ገመቹና እሱን ጥለው መሄድ ያልፈለጉ ጥቂት ልጆች ነበሩ።

«ማን ነገራቸው?» አለ ተጠርቶ የመጣው ሊቀመንበር።

ጋሽ ንጉሤ ቀደሙኝ። «ጋራዥ ውስጥ አስገብታችሁ፣ መሣሪያውን እንደ ተሰቀለ ትታችሁ፣ ማን ነገራቸው ትላለህ?»

ሽማግሌውን አልነኳቸውም። እኔን ቀበሌ አሰሩኝ። ስፈታ ከመንግሥት ጋራዥም ተባርሬ ነበር። ግቢዬ ስገባ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ቋሚዎቹም የሉም፤ ለቀበሌው ሱቅ መጋዘን ተወስደዋል። የቀረው ጉድጓዱ ነው፤ እሱም ውኃ ይዟል። ጋሽ ንጉሤ ደግሞ መንገድ ዳር ወደ ነበረው ወንበራቸው ተመልሰዋል። በዓመቱ አረፉ።

ገመቹ ወደ ማሠልጠኛ ተጭኖ ሄደ፤ ከዚያም ሰሜን ጦር ግንባር መሆኑ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። መንግሥት ተለውጦ የተበተኑ ወታደሮች በከተማችን ሲያልፉ አዴ ሎሚ ዋናው መንገድ ዳር እየቆሙ የእያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር።

ታስሬ ሳለሁ አዴ ሎሚ ከጫልቱ ጋር ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ቲማቲም በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። ደኅና መሆኔን ከጠየቁኝ በኋላ፣ «የሌሎቹ እናቶች እየመረቁህ ነው» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከጫልቱ ጋር ወጡ።

በኋላ ሌላ ጋራዥ ሠርቻለሁ፤ ልጆችም አሠልጥኛለሁ። ከምንም ተነሥቶ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁኝ አሉ። ከተጣለ ብረት፣ ከተሰበረ ብሎኬት፣ በትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ ከባድ አይደለም። የሠራችሁት ለምን እንደሚውል የምትወስኑት ግን እናንተ ብቻ አይደላችሁም።