የሐጂ ነስሩ በረንዳ ጣውላ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለማታውቀኝ ለአንተ መንገር ለምን እንደቀለለኝ እንጃ።

የጃንሆይ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ቡታጅራ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ነጋዴ ከቤታቸው ፊት ለፊት ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ በረንዳ እንድሠራላቸው ጠሩኝ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ እንዲሞቁ ነው።

ሐጂ ግን መወሰን አያውቁም። ሰኞ፣ ምስጥ አይደፍረውም ብለው ጥድ ይላሉ። ሐሙስ ወይራ። በሳምንቱ ጎረቤት አንድ ነገር ሹክ ይላቸውና፣ ለእግር ይለሰልሳል ብለው ዝግባ። ሁለት ወር ሙሉ አመላለሱኝ። ይኸው ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ዝግባ ይሁን ብለው ወሰኑ። ጣውላ ሰንጣቂው ወልዴ፣ የልጄ የክርስትና አባት፣ ሰንጥቆ አመጣልኝ። «ይኼ ለቤት ውስጥ እንጂ ለዝናብ አይሆንም፤ ነግሬሃለሁ» አለኝ። እኔም ለክቼ ቆራርጬ ጨረስኩ። በማግስቱ ሐጂ መጡ።

«ልጄ፣ አሰብኩበት። ጥድ ይሁን።»

ዝግባው ተቆርጧል ማለት ያቅተኝ ነበር? እኔ ግን በቃኝ። «እሺ ሐጂ» አልኩና ዝግባውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባሁት። ጠቆረ፤ የራሱ ሽታም ጠፋ። ወለሉን መትቼ ስጨርስ «ይኸው ጥድዎ» አልኳቸው። በዚህ አፌ። ሐጂ በእጃቸው ዳበሱት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልቤ አረፈ።»

ሁለት ክረምት አለፈ። ጣውላው ከሥሩ በስብሶ ኖሮ እትዬ ዘሃራ ከወንበር ሲነሱ ከእግራቸው ሥር ተሰበረ። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ቆመው አልሄዱም።

የተሰበረው ጣውላ ውስጡ ዝግባ መሆኑ ታየና ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጂ «ጥድ ብዬ ዝግባ የሰጠኝ ማነው?» ሲሉ ሁሉም ወልዴን አየው፤ እንጨቱን ያመጣው እሱ ነዋ። ወልዴ ወደ እኔ ዞረ።

«አበልጄ፣ ያዘዝከኝን ንገራቸው።»

ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ «ያዘዝኩት ጥድ ነው፤ ዘይት ቀብቶ ነው ያመጣልኝ፤ እኔም ተታለልኩ» አልኩ።

ወልዴ ትክ ብሎ አይቶኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ በከተማው እንጨት የሚያዘው ሰው አጣ፤ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወልቂጤ ሄደ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ገበያ ውስጥ ተገጣጠምን። ልጄን በስሙ ጠርቶ «ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሌላ አልተናገርኩም። ያኔስ ማን ከለከለኝ?

ሐጂ ወላዋይ ነበሩ፤ ዛሬም እላለሁ። ዝግባውን ጥድ ነው ያልኩት ግን እኔ ነኝ፤ አበልጄን የሸጥኩትም እኔ። ይቅር በሉኝ የምላቸው ሦስቱም አፈር ሆነዋል። አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለምና።