ከመታጠፊያው የሚታየው

ሥራ የጀመርኩት እሑድ ቀን ነው። የስፖርት ክፍሉ አርታዒ ጋሽ በቀለ ካሴት መቅረጫ ሰጥተውኝ፣ «የጎዳና ሩጫ አለ፤ ሄደሽ ዘግቢ» አሉኝ። ሩጫው በጦር ኃይሎች አልፎ ስታዲየም ያልቃል። ቤታችን ኮልፌ ስለነበር የሚቀርበኝን መርጬ ጦር ኃይሎች መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያው ገብቼ ጻፍኩ። አሸናፊው በመጨረሻው መቶ ሜትር አፈትልኮ ወጣ አልኩ።

ጋሽ በቀለ አነበቡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«የት ቆመሽ ነበር?»

«ጦር ኃይሎች።»

«ሩጫው ያለቀውስ የት ነው?»

«ስታዲየም።»

«አንገትሽ ረጅም ነው ማለት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማን ነገረሽ?»

«ስታዲየም የነበረ ፖሊስ።»

«እንግዲያስ ፖሊስ ነገረኝ ብለሽ ጻፊ። አንቺ ያየሽውን ለብቻው አድርጊው። ሁለቱን አታደባልቂ።»

እንደገና ጻፍኩት። አጭር ሆነ። አጭሩ ተነበበ።

ጋሽ በቀለ ጡረታ ከወጡ በኋላም ወረቀት ፊቴ ባስቀመጥኩ ቁጥር ያንን ጥያቄ እራሴን እጠይቃለሁ። የት ቆመሽ ነበር?

ዓመታት አልፈው ከሪፖርተርነት ወደ ከፍተኛ ሪፖርተርነት፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ አዘጋጅነት ተሸጋገርኩ። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት የአየር ሰዓት ከጣቢያው ወስዶ የሚሠራ፣ ስፖንሰሩንም ራሱ የሚፈልግ ሰው ነው። ስፖንሰር ከሌለ ፕሮግራም የለም። ኳሱን ሌሎች ይዘውት ስለነበር እኔ የመኪና ውድድር ያዝኩ። ማንም አልተቀናቀነኝም።

የውድድሩ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ ኳስ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ኳስ ሲያይ እኔ ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ ከቴሌቪዥን መኪና አያለሁ፤ ያየሁትንም ለማይክሮፎኑ እነግረዋለሁ። ከመስታወቱ ወዲያ የድምፅ ባለሙያው ሚኪያስ አለ። እሱም አንዱን ጆሮ ለእኔ ሰጥቶ በሌላው ኳስ ያዳምጣል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስልክ አይጮኽም። ጃኬቴን ለብሼ በታክሲ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር እሄዳለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ቤት ስገባ ስለ ውድድሩ የሚጠይቀኝ የለም።

ስፖንሰሬ አቶ ወልዴ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎማ ቤት አላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎማ ሲያነሱና ሲጥሉ የኖሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። ውድድር አይተው አያውቁም። ማስታወቂያው ሲነበብ ብቻ ሬዲዮ ይከፍታሉ።

አንድ ክረምት ሱቃቸው አስጠሩኝ። ጎማ አስመጪው ብዙ ለሸጡ ደንበኞቹ የጣሊያን ጉዞ ሸልሟል። ሽልማቱ ሞንዛ ላይ የሚደረገውን ውድድር ማየት ነው፤ ለሁለት ሰው።

«እኔ አውሮፕላን አልወጣም» አሉ። «ሚስቴም እኔ የሌለሁበት አትሄድም። አንቺ ሂጂ።»

«የጋዜጠኛ ፈቃድ የለኝም፤ በተመልካች ቲኬት ብዙ አላይም።»

«ከዚህ ሆነሽ ስታወሪ የኖርሽው ምን አይተሽ ነው? ሂጂና ስለ ጎማ አውሪ።»

የጣቢያው ኃላፊ ሲሰማ ደስ አለው። በአዲሱ ዓመት የእኔን ሰዓት ለኳስ ሊሰጠው አስቦ እንደነበር አልደበቀኝም።

«ከዚያ ሆነሽ በቀጥታ ከሠራሽውና አቶ ወልዴ ውሉን ካደሱ ይቀጥላል» አለኝ። «ካላደሱ ግን እጄ ላይ ምንም የለም።»

ስለዚህ ሻንጣዬን ስይዝ የምሄደው ለሽርሽር እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሞንዛ ስለ ፍጥነት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳ አሮጌ ሜዳ ነው። ያለው ትልቅ መናፈሻ ደን ውስጥ ነው። ረጃጅም ቀጥ ያሉ መንገዶች አሉት፤ መኪኖቹ በሙሉ ጉልበት መጥተው መታጠፊያው አፍ ላይ ፍሬን ይይዛሉ። ይህንን ለዓመታት ለአድማጭ ስናገር ኖሬአለሁ። ደኑን ግን ተናግሬው አላውቅም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ዛፎቹ ከመንገዱ ዳር ያለ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነበሩ።

ዓርብ የልምምድ ቀን ነው። ሰው በቤተሰብ፣ በጓደኛ፣ በባንዲራ ይመጣል። ከባቡሩ ጀምሮ ዘፈን ነው። ቦታዬን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ወንበር አጠገቤ ባዶውን ቀረ። ከፊቴ የሚታየው አንድ መታጠፊያና ከእሱ በፊት ያለ አጭር መንገድ ነው። ትልቁን ስክሪን ዛፍ ጋርዶታል። መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ደረት ላይ ይሰማል፤ ዓይን ሲደርስ መኪናው ሄዷል። ከዚያ ቅጠሉ ብቻ ይንሾካሾካል። ስቱዲዮ ሆኜ አንድም መኪና ከዓይኔ ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር። እዚህ ግን አብዛኛው ጊዜ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ የመነሻ ቦታ ሰልፍ የሚወሰንበት ማጣሪያ ነው። ማለዳ ቀድሜ ሄጄ በደኑ ውስጥ ተዘዋወርኩ። ድሮ መኪኖች ይወዳደሩበት የነበረው፣ በኋላ የተተወው መንገድ አሁንም አለ። መታጠፊያው እንደ ግድግዳ ዘንበል ብሎ የቆመ ሲሚንቶ ነው፤ በስንጥቁ ሣር በቅሏል። ልወጣበት ሞክሬ ጫማዬ አንሸራተተኝና ተመለስኩ። መቅረጫ አውጥቼ እዚያው ቀረጽኩ፤ የተቀረጸው የወፍ ድምፅ ነው። ማታ ለሚኪያስ ስልክለት፣ «እትዬ ሰናይት፣ ይኼ የመኪና ውድድር ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ከኋላዬ ካለው ረድፍ መጥተው ባዶውን ወንበር በእጃቸው ጠቆሙ። ተቀመጡ አልኳቸው በምልክት። ጣሊያንኛ አልችልም፤ እሳቸውም ሌላ አይችሉም። አንድ ጆሯቸው ላይ ትንሽ የሬዲዮ ማዳመጫ ሰክተዋል። መኪና ሲያልፍ ጣቴን ወደ ታች ቀስሬ፣ «ጎማ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ጎማ» አሉ እሳቸውም። «ፍሬን» አልኩ። ገባቸው። «ማርሽ» አልኩ። ሳቁ። ኮልፌ ጋራዥ ውስጥ የምንሰማው ቃል ሁሉ የእሳቸው ቋንቋ ነው። ከሰዓቱን በሙሉ በመለዋወጫ ዕቃ ስም ስናወራ ዋልን። አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ ሌላ ሰው አላነጋገረኝም ነበር።

እሑድ በአገራችን አቆጣጠር ከአሥር ሰዓት በፊት ከስቱዲዮው ጋር ተገናኘን። እቅዱ ሚኪያስ ቴሌቪዥኑን እያየ ውድድሩን እንዲናገር፣ እኔ ከመታጠፊያው ያየሁትንና የሰማሁትን እንድጨምር ነው። ጥሩ ተጀመረ። ሰማያዊው መኪና ከፊት ወጣ፣ ሁለት ቀዮች ተከተሉት። ሚኪያስ ድምፁ ያምራል፤ እየተደሰተ ነበር።

ጥቂት ዙር እንዳለፈ በስልኩ መስመር፣ አየር ላይ በማይሰማው በኩል፣ «እትዬ ሰናይት፣ ዝናቡ ጣለ። ሥዕል የለም» አለኝ። ጊዜው ጳጉሜን ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ የሳተላይት ዲሽ እንደሚያቅተው የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ከስልክህ ተከታተል።»

«ኢንተርኔቱም ሞቷል። ዘፈን ልልቀቅ?»

«አትልቀቅ። ወደ እኔ አምጣው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ። «ስቱዲዮ ሥዕል ጠፍቷል። እኔ ያለሁት አንድ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ሌላው ሜዳ አይታየኝም። አሁን መንገዱ ባዶ ነው። እየጠበቅን ነው።» ከዚያ ዝም አልኩ። ዛፎቹ ይሰማሉ፤ ሰው ይሰማል። ድምፁ ከሩቅ መጣ። «ሰማያዊው አለፈ። አንደኛው ቀይ ተከተለ። ሁለተኛው ቀይ ትንሽ ራቅ ብሏል።» እንደገና ባዶ። እንደገና መጠበቅ።

ለሬዲዮ ዝምታ ክልክል ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ግን የሌለ ነገር ከማወራ ዝም ማለት ይሻል ነበር። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ስጭን ከወዲያ በኩል የሚሰማኝ የሚኪያስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ማን እንደሚሰማኝ አላውቅም። ምናልባት ማንም።

ከዚያ አንድ ዙር ላይ መጀመሪያ የመጣው ቀዩ ሆነ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ። ሁለተኛው ቀይ አለፈ፣ ሌሎቹም አለፉ። ሰማያዊው የለም።

«መሪው አልመጣም» አልኩ አየር ላይ። «ሌሎቹ አልፈዋል። ሰማያዊው አልመጣም። እየጠበቅን ነው።»

አዛውንቱ ማዳመጫቸውን በጣታቸው ጫን አድርገው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጎማ» አሉ። በእጃቸው የሚበጠስ ነገር አሳዩኝ።

ሚኪያስም ሰምቷል። በውስጥ መስመሩ ፈጠን ብሎ መጣ። «እትዬ ሰናይት፣ ጎማ እንዳይሉ። ሞተር ይበሉ። አቶ ወልዴ እኮ ዛሬ እየሰሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ያልቃል።»

«ሞተር መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ማን ያውቃል? ሥዕል የለ።»

አላውቅም ብዬ ማለፍም እችል ነበር። ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ ከማን እንዳወቅኩትም አውቃለሁ። የማጣውንም አውቅ ነበር። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ «ሰማያዊው ለምን እንዳልመጣ ከቆምኩበት አይታየኝም» አልኩ። «አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የአገራቸውን ሬዲዮ ይሰማሉ። ጎማ ነው ይላሉ። እኔ አላየሁም።»

ሚኪያስ መስመሩን ክፍት አድርጎ ተወው።

እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሄድን። ባዶ፣ ድምፅ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ባዶ። ውድድሩ ሲያልቅ ሕዝቡ አጥሩን አልፎ ወደ መንገዱ ፈሰሰ። አዛውንቱ ኮፍያቸውን አነሱልኝና ከሰው ጋር ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። መቀመጫው ሁሉ ባዶ እስኪሆን ቁጭ ብዬ የመቅረጫዬን ገመድ ጠቀለልኩ።

በማግስቱ ከሆቴሌ የተረጋገጠውን ላክሁ። ሰማያዊው መንገድ ላይ የወደቀ የመኪና ስባሪ ረግጦ ጎማው ተቆርጧል። በጎማው በራሱ ጥፋት አልተገኘም። ሚኪያስ በዜና ሰዓት አነበበው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ወደ ጦር ኃይሎች ሄድኩ። አቶ ወልዴ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አምቦ ውኃ አስከፈቱልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በእኔ ሰዓት፣ በእኔ ዕቃ ላይ?»

«ስባሪ ነው የቆረጠው። ሰኞ ተናግረናል።»

«ሰኞን ማን ሰማ? እሑድ ማታ ሦስት ሰው ደውሎ ‹ጎማህ ፈነዳ አሉ› ብሎኛል። ጎማዬ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!»

«ሌላ ነገር ማለት አልችልም ነበር።»

«ሞተር ብትዪ ምን ትሆኚያለሽ? ሞተር የሚሸጠው እኮ ማዶ ያለው ሰውዬ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ውሉን እንደማያድሱ ነገሩኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ነጋዴ ናቸው። ውኃዬን ጨርሼ አመስግኜ ወጣሁ። ኃላፊው በመስከረም ሰዓቱን ለኳስ ሰጠው። እኔ ወደ ዜና ክፍል ተመለስኩ። አሁን የመኪና ውድድር ውጤት ከአየር ሁኔታው በፊት በጥቂት ዐረፍተ ነገር አነባለሁ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ኳስ የሚታይበት ቤት ያላት ጽጌ የድሮ ጎረቤቴ ናት። በኅዳር ይሁን በታኅሣሥ አንድ ቀን እግረ መንገዴን ገባሁ።

«እኔ የምልሽ፣ ያቺ እሑድ» አለችኝ ብርጭቆ እያደረቀች። «ኳሱ በዝናቡ ጠፋብን። ሰው ሊያፈርስብኝ ሲል ሬዲዮ ከፈትኩ፤ አንቺ ሆነሽ ተገኘሽ።»

«ምን አሉ?»

«መጀመሪያማ ሰደቡሽ። ‹ባዶ መንገድ የምታስተላልፍ ሴትዮ› አሉ። በኋላ አንዱ ‹እሽሽ፣ እየመጡ ነው› አለ። መሪው አልመጣም ያልሽ ጊዜ ቤቱ ሙሉ ዝም። ቢራ እንኳ ያዘዘ የለም፤ ከስሬአለሁ።»

«አላወቅኩም።»

«በምን ታውቂያለሽ? እዚያ ነበርሽ።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ጎማ ነው አሉ እንጂ አላየሁም ስትዪ፣ የጋራዡ ኃይሌ ምን አለ መሰለሽ? ‹ይቺ ሴትዮ አትዋሽም፤ ኳሱንም እሷ ባስተላለፈችው።› ለምን ኳስ አትሠሪም?»

ኳስ እንዳልሰጡኝ ነገርኳት። ሒሳብ አልቀበልሽም አለችኝ፤ ሳይመሽ ወደ ዓለም ባንክ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ዜና ክፍል አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የቆማችሁበትን ቦታ ተናገሩ። ከዚያ የሚታየውን ተናገሩ። ከሰው የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ጨምሩ። በዚህ ምክንያት ፕሮግራም ልታጡ ትችላላችሁ። እኔ አጥቻለሁ።